ፈጣን መኪናን በቤት ለማሻሻል፦ ከፍሬኑ ተነስቶ ወደ ሞተሩ

ለፍጥነት የተሠራ መኪና እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ማርሚታውን ሰፋ ባለ ተካሁ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካክዬ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ጨመርኩ። ከዚያም መኪናው የደረሰበትን ለማየት ወደ ውድድር ሜዳ ይዤው ሄድኩ። በአራተኛው ዙር፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እርጥብ ስፖንጅ የረገጥኩ ይመስል ከእግሬ ስር ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው ጥቂት ያዘልኝ። ማርሽ እያወረድኩ ከአስፋልቱ ወጣሁና ጠጠሩ ውስጥ ቆምኩ። መኪናው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፤ እኔ ግን መሪውን የጨበጡትን ጣቶቼን ለማላቀቅ ደቂቃዎች ፈጀብኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፈሳሽ ሲገፉት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ የሚገፋው የፍሬን ሸራውን (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመውን ክፍል) ሳይሆን አረፋውን ይሆናል። ሞተሩ ላይ ወር ሙሉ ስደክም ያ ዘይት መቼ እንደተቀየረ አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ኮፈኑን የሚከፍተው ለምርመራ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዘግቶት ወደ ፍሬኑና ወደ ጎማው ይሄዳል፣ ጉልበት ወደ መጨመሩ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ የእኔ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡም ይደግፈዋል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 580 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ፍጥነቱ ወደ 200 ሲያድግ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ2,300 ኪሎ ጁል በላይ ማለት ነው። መኪናው ሲቆም አብዛኛው በፍሬን ዲስኮቹ (ከጎማው ጋር በሚዞሩትና ሸራው በሚጨብጣቸው የብረት ሳህኖች) ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ጃጓር ሲ-ታይፕ 3.4 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ከእርሱ የሚበልጥ ሞተር የያዙ ተፎካካሪዎች ነበሩ። እርሱ ግን የዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ሌሎቹ ገና በከበሮ ፍሬን ላይ ስለነበሩ ከመታጠፊያው በፊት ቀድመው ፍጥነት መቀነስ ግድ ይላቸው ነበር።

ከመጀመሪያው ቡሎን በፊት

የሚሠሩበት ወለል ደረቅ፣ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። አስፋልት በፀሐይ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ መኪናው ተነስቶ የሚያርፍበት የብረት ማቆሚያ እግር ሊሰርግ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ ከስሩ ወፍራም ጣውላ ያድርጉበት። ክሪክ መኪናን ለማንሳት እንጂ አንስቶ ለማቆየት የተሠራ አይደለም። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ እጅም ሆነ ጭንቅላት ከስሩ አይገባም፤ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን። በማቆሚያዎቹ ላይ ካሳረፉት በኋላ ጎኑን ይዘው በደንብ ይነቅንቁት። የሚወድቅ ከሆነ እርስዎ ከስሩ ሳይገቡ ይውደቅ። የፈቱትን ጎማ ደግሞ ጥግ ላይ ከማቆም ይልቅ በመኪናው ጎን ስር አጋድመው ያስገቡት፤ የቀረው ሁሉ ቢከዳዎት እርሱ ይሸከማል።

ከመሣሪያ ብዙ አያስፈልግም፤ ጥሩ የቡሶላ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ እና ማጥበቂያ ልኩ የሚሞላለት ቶርክ መፍቻ ይበቃል። የመጨረሻው ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ቡሎን በኒውተን ሜትር የጻፈው ቁጥር አለ፤ ከዚያ ያነሰ ይላላል፣ ከዚያ የበለጠ ቡሎኑን ይስበዋል ወይም ጥርሱን ይበላዋል። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው የበጠሰውን ቡሎን ቆፍሬ አውጥቻለሁ። ሰውየው እኔው ነበርኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይሂድ። የፍሬን ማጽጃ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ክሎሪን አለባቸው። በእነርሱ የጸዳ ብረት ሳይደርቅ ቢበየድ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። የማጽጃውን መለያ ያንብቡ፤ ብየዳ በሚሠራበት አካባቢም ክሎሪን የሌለበትን ብቻ ይጠቀሙ።

ርካሽ ደብተርም ይግዙ። የተነካ ነገር ሁሉ ከነቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ይጻፍበት፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሦስት ነገር በአንድ ቅዳሜ ቀይረው መኪናው ቢበላሽ ጥፋተኛውን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን ጤና ይለኩ

የታመመ ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር ሕመሙን ማፋጠን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እምቅ ግፊት ይለኩ፤ መለኪያው ርካሽ ነው፣ ሥራውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሞተሩን ያሙቁና ያጥፉት፤ ካንዴላዎቹን ሲነኩ እጅ እንዳያቃጥሉ ጥቂት ይጠብቁ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ይንቀሉ፣ የእሳት መስጫውን ኮይሎች ሶኬት ያላቅቁ። በካንዴላዎቹ ዙሪያ ያለውን አቧራ በአየር ያራግፉ፤ አለዚያ ካንዴላው ሲወጣ ጠጠሩ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሁሉንም ካንዴላ አውጥተው በተራቸው በጋዜጣ ላይ ይደርድሩ። መለኪያውን በአንደኛው ቀዳዳ በእጅ ያጥብቁ፣ አንድ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ሞተሩን በማስነሻው ያሽከርክር፤ መርፌው መውጣት እስኪያቆም አምስት ወይም ስድስት ዙር ይበቃል። ቁጥሩን ይጻፉ፣ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የቁጥሮቹ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸው ሞተሮች በአብዛኛው ዝቅ ያለ የእምቅታ መጠን ስላላቸው ንባባቸውም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለዚያ የጥገናው መጽሐፍ ልክ አለው። ነገር ግን ትልቁና ትንሹ ንባብ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከተራራቁ አንድ ነገር አለ። በደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ በግልጽ ከወጣ ያለቁት የፒስቶን ቀለበቶች ናቸው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ዝቅ ካሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ይቻላል።

የደረደሯቸውን ካንዴላዎች አሁን ይመልከቱ። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ነዳጅ መብዛቱን፣ ጥቁርና እርጥብ ቅባት ዘይት መግባቱን ይነግራል። ሸክላው ላይ እንደ በርበሬ ቅንጣት የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ ወይም ከተሰነጠቀ ሞተሩ ሲያንኳኳ (ድብልቁ በሥርዓት መንደዱን ትቶ ሲፈነዳ) ቆይቷል ማለት ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሌላ ሥራ አይጀመር።

ደረጃ 2፦ ፍሬን

እዚህ ላይ ቀስ እንላለን።

መጀመሪያ ዘይቱ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በተሸከመው ውሃ ልክም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ለዚህ ነው በዝርዝሩ ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው፤ አንዱ ለአዲስ ዘይት፣ ሌላው 3.7 በመቶ ገደማ ውሃ ለጠጣ ዘይት። ዘይቶቹ የሚመደቡት ዶት በሚባል ደረጃ ነው፤ የዶት 3 ዝቅተኛ መስፈርት 205 እና 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የዶት 4 230 እና 155፤ የዶት 5.1 260 እና 180። ጠጥቶ የከረመ ዶት 3 እና አዲስ ዶት 5.1 መካከል 120 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ያም በውድድር ሜዳ ላይ ፔዳል በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ለውድድር ሜዳ የሚሠሩ የዶት 4 ዘይቶች ከዚህም ይበልጣሉ፤ በየጊዜው መቀየር ግን ይፈልጋሉ። ዶት 5 ግን በስሙ አያታልልዎት፤ እርሱ የሲሊኮን ዘይት ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ላለው መኪናም አይመከርም።

ቀጥሎ ሸራው። ለከተማ የተሠራ ሸራ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይይዛል፣ ሲግል ግን ይንሸራተታል። የውድድር ሸራ በተቃራኒው ነው፤ እስኪሞቅ ድረስ መያዝ አይወድም፣ ይጮሃል፣ ዲስኩንም ይበላል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና ላይ ንጹሕ የውድድር ሸራ መግጠም በመጀመሪያው ማቋረጫ ላይ ልብ ያደርቃል። ለመንገድም ለሜዳም ተብሎ የተሠራውን መካከለኛ ይምረጡ፤ አምራቹ የሚሠራበትን የሙቀት ክልል ይጽፋል።

አሁን ወደ ሥራው። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ ትንሽ ያላሏቸው፣ ከዚያ ያንሱት፣ ጎማውን ያውጡ። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል) ሲፈቱ በቱቦው አያንጠልጥሉት፤ በሽቦ ከሞላው ጋር አስረው ይያዙት። አሮጌዎቹን ሸራዎች አውጥተው ያነጻጽሯቸው። የውስጡ አልቆ የውጩ ግማሽ ከቀረው፣ ወይም አንዱ ሸራ በሰያፍ ከተበላ፣ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ተይዘዋል። ፒኖቹን አውጥተው ይጥረጓቸው፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ይቀቧቸው። ተራ ግሪስ እዚህ አይሆንም፤ ላስቲኮቹን ያሳብጣቸዋል። የዲስኩን ውፍረትም ይለኩ፤ የመጨረሻው የሚፈቀድ ልክ አብዛኛውን ጊዜ እምብርቱ ወይም ጠርዙ ላይ ተቀርጿል።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ሸራውን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስቶን ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። ዝም ብለው ቢገፉት በካሊፐሩ ውስጥ ሲቃጠል የኖረው ቆሻሻ ዘይት ወደ ላይ ይመለሳል፣ የፍሬን ዘይቱ ቋትም ይሞላና ይፈሳል። ማስተንፈሻ ቡሎኑ (ካሊፐሩ ላይ ያለው፣ ዘይትና አየር የሚወጣበት) ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክተው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉት፣ ቡሎኑን ከፍተው ፒስቶኑን ቀስ ብለው ይግፉ፣ ሳይለቁት ይዝጉ። የኋላ ካሊፐር የእጅ ፍሬንም የሚሠራ ከሆነ ፒስቶኑ ብዙውን ጊዜ በመግፋት ሳይሆን እየተሽከረከረ ነው የሚገባው፤ በግድ ቢገፉት ውስጡ ይሰበራል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ መኪናውን በጥገና ሁኔታ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አሠራሩ በጥገናው መጽሐፍ አለ። አዲሱን ሸራ ሲገጥሙ ሸካራው ፊት ወደ ዲስኩ፣ ብረቱ ወደ ፒስቶኑ ይሁን። ይህን መጻፌ የሚያስቅ ይመስላል፤ ተገልብጦ የተገጠመ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘይቱን መቀየር የሁለት ሰው ሥራ ነው። በብዙ መኪኖች ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ክፍል) ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል፤ የተለየ ተራ የሚጠይቁ መኪኖች ስላሉ መጽሐፉን ይመልከቱ። በቋቱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት በመርፌ ስበው አውጥተው በአዲስ ይሙሉት። ከዚያ እርስዎ ጎማው ጋ ይቀመጡ፣ ረዳትዎ ፔዳሉ ላይ።

የእኔ ረዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። «ርገጥ» እላለሁ፤ «ረገጥኩ» ይላል። ማስተንፈሻውን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ በቱቦው ውስጥ ዘይቱ አረፋ እየቀላቀለ ይወርዳል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። እዘጋለሁ። «ልቀቅ»። ያ ቃል ሳይሰማ እግሩን ማንሳት የለበትም፤ ማስተንፈሻው ክፍት ሳለ ፔዳሉ ከተመለሰ በቡሎኑ ጥርስ በኩል አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። አንድ ማታ፣ አራተኛው ጎማ ላይ ደርሰን፣ «ወንድም ጋሼ፣ እግሬ ዛለ» አለና ለቀቀው። እንደገና ከመጀመሪያው ጎማ ጀመርን። ከዚያ ወዲህ በየጎማው መካከል ያርፋል።

በቱቦው የሚወርደው ዘይት ቀለሙ እስኪነጻና አረፋው እስኪያልቅ ይቀጥሉ፤ በየስድስት በየስምንት ርግጫው ቋቱን ይሙሉ። ቋቱ ከደረቀ አየሩ እስከ ኤቢኤሱ ሊዘልቅ ይችላል፤ ከዚያ አንዳንድ መኪኖች ያለ መመርመሪያ ኮምፒውተር አይተነፍሱም። ዘይቱ ቀለም ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ያወጡትን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት፣ መሬት ላይም አይድፉት።

የላስቲክ ቱቦዎቹ ካረጁ፣ ሲታጠፉም ስንጥቅ ከታየባቸው፣ ከዘይቱ ጋር አብረው በብረት ጥልፍ በተሸፈኑት ይቀየሩ። ፔዳሉ ትንሽ ይጠነክራል፤ የፍሬኑ አቅም ግን በእነርሱ አይጨምርም፣ ሻጩ ምንም ቢልዎት።

መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ፒስቶኖቹን ወደ ውስጥ ስለገፏቸው የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው። ይህን የረሳ ሰው ከጋራዡ ሲወጣ የሚያቆመው ግድግዳው ነው።

ቀጥሎ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማላመድ አለ። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ወይም ሜዳ ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስከ 15 ገደማ በጠንካራና በተመጣጠነ ርግጫ ይቀንሱ፤ ሳይቆሙ እንደገና ይፍጠኑ። ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ። ሽታ ይወጣል፣ ትንሽ ጭስም ሊታይ ይችላል። ጨርሰው ፍሬን ሳይይዙ ለአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ እየነዱ ያቀዝቅዙት። በጋለ ዲስክ ላይ ሸራውን ጨቁነው ከቆሙ የሸራው ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ መሪው ሲንቀጠቀጥ ሰዉ «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ ነገር የለም፤ ያ የተጋገረው ቅሪት ነው። የሸራው አምራች የራሱን አሠራር ከጻፈ የእርሱ ይቅደም።

ደረጃ 3፦ ጎማና አላይመንት

ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢይዝ መኪናውን መሬት ላይ የሚያቆመው ጎማው ነው። በጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ጊዜ ይነግራል፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ቢተርፈውም እንኳ ያረጀና የደረቀ ጎማ ያለው መኪና ላይ ጉልበት አይጨመርም።

አላይመንቱን (ጎማዎቹ የሚያዩበትን አቅጣጫ) በክር መለካት ይቻላል፤ የውድድር ቡድኖችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፣ መሪው ቀጥ ብሎ ይታሰር። በሁለቱም ጎን በቸርኬዎቹ መሃል ከፍታ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ክር ይወጥሩ። ክሮቹ እርስ በርስ ትይዩ ይሁኑ፤ ከፊት ቸርኬዎች መሃል ግራና ቀኝ እኩል ይራቁ፣ ከኋላም እንደዚሁ። የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ የፊቱ ርቀት ከኋላው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ አይደንግጡ።

አሁን በብረት ማስመሪያ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከዚያም እስከ ኋላ ጠርዙ ይለኩ። የፊቱ 152 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 150 ከሆነ ጎማው በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያያል። የመሪውን ጫፍ ዘንግ መቆለፊያ ዳዶ አላልተው ዘንጉን ያዙሩ፤ ሩብ ዙር እንኳ ይታያል። ግራና ቀኙን እኩል ያስተካክሉ፤ አለዚያ መኪናው ቀጥ ሲል መሪው ይጣመማል። ከጎማው ስር ሁለት ላስቲክ ከረጢት ደራርበው ቢያስገቡ ጎማው ሳይጨናነቅ ይዞራል። ካስተካከሉ በኋላ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍተው እንደገና ይለኩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ክሩንም ሦስት ጊዜ ረገጥኩት።

ሞላና ሾክ አብዞርበር የሚቀይሩ ከሆነ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ የታመቀ ሞላ ከመጨመቂያው ቢያመልጥ ሰው ይገድላል፤ መሣሪያው አጠራጣሪ ከሆነ ሞላውን ከነሾክ አብዞርበሩ ሳይፈቱ አውጥተው ጋራዥ ያስቀይሩት፣ መግጠሙን በቤት ይጨርሱ። ሁለተኛ፣ ላስቲክ ያለባቸውን መገጣጠሚያዎች ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጡት የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ላስቲኩ ዕድሜውን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ ዕድሜውም አጭር ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ጉልበት

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱ።

ተርቦ ላለው መኪና ነፃው ጉልበት የሚገኘው ቀዳዳ በመድፈን ነው። የተርቦውን የአየር መግቢያ የብስክሌት ጎማ ቫልቭ በተገጠመበት ክዳን ይዝጉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አየር በቀስታ ያስገቡ፤ ተርቦው በተለመደው ሥራው ከሚሰጠው ግፊት አይለፉ። ከዚያ የቱቦ መገጣጠሚያዎቹንና ኢንተርኩለሩን (ከተርቦው የሚመጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ክፍል) የሳሙና ውሃ ይርጩ። እኔ ስሞክረው ከኢንተርኩለሩ ስር፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ ነጭ አረፋ እንደ ጎመን አበባ እየተከመረ ወጣ። ተርቦው በሙሉ ጉልበቱ ሲነፋ ከነበረው አየር ከፊሉ በዚያ ይወጣ ነበር፤ መድኃኒቱ አንዲት አዲስ ማሰሪያ ሆነች።

የአየር ማጣሪያን በተመለከተ ሻጮቹ የሚሉትንና ቴርሞሜትሩ የሚለውን ይለዩ። አየር በ3 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ጥግግቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክፍት ማጣሪያ በጋለ ሞተር ጎን ከተቀመጠ ድምፁ ያምራል፤ የሚስበው አየር ግን ከፋብሪካው ሳጥን ይልቅ 15 ወይም 20 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ከዳሽቦርዱ ስር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ርካሽ ማንበቢያ ሰክተው የሚገባውን አየር ሙቀት እየነዱ ይመልከቱ። ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ደብተሩ ላይ ከሌለ ጭማሪው ጆሮዎ ውስጥ ብቻ ነው።

ካንዴላዎቹ ትንሽ ነገር ይመስላሉ። የተርቦው ግፊት ሲጨምር ብልጭታው በሰፊ ክፍተት መዝለል ያቅተዋል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ጉልበት ላይ ይቆራረጣል። ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማጥበብ የተለመደ ነው፤ ጫፋቸው ቀጭን የከበረ ብረት የሆነባቸውን ግን ጫፉን ሳይነኩ፣ የውጩን ብረት ብቻ በስሱ በማጠፍ።

የሞተሩን ኮምፒውተር መነካካት የመጨረሻው ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የሚነደው በ14.7 እጅ አየርና በ1 እጅ ነዳጅ ነው፤ በሙሉ ጉልበት ላይ ግን ሞተሩ ከዚያ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ለ1 እጅ ነዳጅ የሚሆነው አየር ተርቦ ለሌለው ከ12.5 እስከ 13፣ ተርቦ ላለው ከ11.5 እስከ 12 እጅ አካባቢ ይሆናል። ትርፉ ነዳጅ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። አየሩ በዝቶ፣ ወይም እሳቱ ቀድሞ ከመጣ፣ ድብልቁ በሥርዓት መንደዱን ትቶ ይፈነዳል፤ ያ ማንኳኳት ፒስቶንን በሰከንዶች ውስጥ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የአየርና የነዳጁን ልክ በሰፊው የሚያነብ ሴንሰር ማርሚታው ላይ ሳይገጠም፣ የማንኳኳት ንባቡም ሳይመዘገብ ፕሮግራም አይቀየርም። ከበይነመረብ የወረደ፣ ለሌላ ሰው ሞተር የተጻፈ ፋይል የእርስዎን ሞተር አያውቀውም። ይህን ክፍል ልምድ ላለው ባለሙያ መስጠት አያሳፍርም፤ እኔ እሰጣለሁ።

በቤት የሚጽፉ ከሆነ ግን መጀመሪያ የፋብሪካውን ፕሮግራም አንብበው ሁለት ቦታ ያስቀምጡት። በመጻፍ ላይ ሳለ ቮልቴጁ እንዳይወርድ ባትሪው ላይ የማያቋርጥ ቻርጀር ይሰኩ፤ ግማሽ ተጽፎ የተቋረጠ ኮምፒውተር ከብረት ቁራጭ አይለይም። የጭስ ማጣሪያን አውጥቶ መጣል በብዙ አገር በሕግ ያስቀጣል፤ ኢንሹራንስዎም ስለ ለውጦቹ ማወቅ ይፈልጋል።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ፣ መኪናው በርዶ፣ የጎማዎቹን ዳዶዎች በቶርክ መፍቻው በልካቸው ያረጋግጡ። የእጅ ባትሪ ይዘው በማስተንፈሻዎቹና በቱቦዎቹ ጫፍ ላይ እርጥበት ይፈልጉ፤ ነጭ ወረቀት ቢያስነኩበት ጠብታ ቢኖር ይታያል። የፍሬን ዘይቱን ቋት ቁመት ይመልከቱ፤ የጎማዎቹን ነፋስም ይለኩ።

የእኔ ደብተር የመጨረሻ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ፔዳል ጠንካራ። ግራ የፊት ዳዶ ቁጥር 3 ትንሽ ዞረ፤ ተጠበቀ። ቀኝ የኋላ ማስተንፈሻ ወረቀቱን አረጠበ፤ ነገ ይታይ፣ እስከዚያ አይነዳ።»